ስለ አሮጌ ጠመንጃ ስምና አያያዝ

በኢትዮጵያ ለአሮጌው የጦር ጠመንጃ የወጣለት ስም አብዛኛውን ጊዜ የመጣበትን አገር ወይም የሠሪውን ስም ይዞ ይገኛል። ሰናድር ከእንግሊዙ «ስናይደር»፥ ውጅግራ ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ»፥ ምንሽር ከ«ማንሊኸር»፥ ቤልጅግም ከቤልጅክ የወጡ ናቸው። የአውሮፓ መንግሥታት ለጦራቸው አዲስ መሣሪያ ሲያድሉ፥ የተጣለውን አሮጌ ነጋዴዎች እየገዙ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ያስገቡት ነበር። ባለቅኔው አርቱር ሬምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ያደረሰው ጠመንጃም ከዚሁ ወገን ነው።

ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፥ 11 ሚሊሜትር የሆነና በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። የሚተኮሰው በጥቁር ባሩድ ስለ ሆነ፥ በአፈሙዙ ውስጥ ጥላሸትና ጨው መሰል ዝቃጭ ይቀራል፤ ይህም ዝቃጭ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል። ዘይት ጨውን አያሟሟምና መወልወል ብቻውን አይበቃም፤ አስቀድሞ በፈላ ውሃ ማጠብ፥ ፈጽሞ ማድረቅ፥ ከዚያም ስስ አድርጎ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። ቅቤ የቀቡት እንደ ሆነ ሲቆይ ይሻግትና ራሱ ብረቱን ይጎዳዋል።

በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌላም ስፍራ የተነሡ ሰፋሪዎች የገቡባት ፓዌ፥ በበለስ ሸለቆ ያለች፥ ሙቀትና ብርቱ ዝናብ የሚፈራረቁባት ቆላ ናት። እንዲህ ባለ አገር በቆዳ ማኅደር ተሸፍኖ የከረመ ጠመንጃ፥ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ይልቅ ፈጥኖ ይዝጋል፤ ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ያቆያልና።

ይሁን እንጂ ከጠመንጃው ይልቅ አሳሳቢው ጥይቱ ነበር። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ይመነዘር ነበር። ዒላማ የሳተ ተኳሽ፥ በቃሉ ሙሉ ትርጉም፥ ገንዘቡን አባከነ ማለት ነው! ስለዚህ የወደቀው ቀለህ ተለቅሞ ባሩድና እርሳስ እንደ ገና ይሞላበት ነበር፤ ነገር ግን ናሱ ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል፥ የተሰነጠቀውም ቀለህ እሳቱን ወደ ተኳሹ ፊት ይመልሳል።

ይህ ችግር በጠላት ወረራ ዘመን እጅግ ጎልቶ ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ከፓዌ ብዙ በማይርቀው በበላያ ተራራ ሲሰፍሩ፥ የጎጃም አርበኞች መሣሪያ ገና ልዩ ልዩ ዓይነት ነበር። የኢጣልያን 6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ የማረከ አርበኛ ጥይቱን ከዚያው ከጠላቱ ዝናር ያገኛል፤ የአባቱን ውጅግራ ያነገተው ግን፥ ጠመንጃው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፥ ከጠላቱ ዝናር ለውጅግራው የሚሆን አንድ ጥይት እንኳ አያገኝም ነበር።