«ቲቸር፣ ሥጋው ያለቀ ቀንስ?»

ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ ምደባዋ ሲወጣ ግን ዕጣዋ ከጣርማ በር ቁልቁል ጣላት። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ በጋቢ ተጠቅልላ በጉም ውስጥ አለፈች፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ጋቢውን የምትጥልበት አጣች። የደረሳት ሦስተኛ ክፍል ነው፤ አማርኛ ታስተምራለች፤ አማርኛው ውስጥ ደግሞ ተረት አለ።

«ተረት እኮ ነፍሴ ነው» አለችን ቢሯችን መጥታ። «ከአያቴ ጋር ስለምተኛ ሳልሰማ ያደርኩበት ማታ የለም።»

ታዲያ ሁላችንም የምናውቃትን የእንጀራ እናት ተረት አወራችላቸው። የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ሲል ሴትዮዋ አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች። አዋቂው ከአንበሳ ጢም ሦስት ጸጉር አምጪ ይላታል። እሷም ሥጋ እየወረወረች፣ በየቀኑ አንድ እርምጃ እየተጠጋች... ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ። ተረቱ ሲያልቅ መምህርታችን ያቺን የለመድናትን ጥያቄ አመጣች፤ «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?»

«ትዕግሥት!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ፣ ማባዛት እንደሚሸመድድ ሰው። ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፣ ደብተር ላይ ተገለበጠ። በሳምንቱ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ያላት ከግማሽ በታች ነበር።

እኛን ከጠየቃችሁ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። እስቲ ቤት ውስጥ ተረት እንዴት እንደሚያልቅ አስታውሱ። አያት «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለች እንጂ ፈተና አታወጣም። መልሱ ማለት እኛ እንደሚገባን ተራው የናንተ ነው ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉም ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ያወሩት ልጆች ከፊታቸው አስቀምጠው ነበር።

ስለዚህ «ያቺን ጥያቄ ለአንድ ወር ተያት» አልናት። አንቺ ካወራሽ በኋላ አንድ ልጅ ያውራ፤ ከቤቱ የሰማውን ያምጣ። ይፋት አማርኛም አርጎብኛም የሚሰማበት አገር ነው፤ ልጁ በለመደው አነጋገር ይጨርስ፣ ቀዩ እስክሪብቶ ይቆይ። እንቆቅልሽም አትርሺ። መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ደብረ ሲናን፣ አጣዬን እያለ ሲሰጥ ካርታ ሳይዘረጋ አገሩን ይማራል። (የኛ ትውልድ ለንደንን ነበር የሚሰጠው!)

ባለፈው ዕረፍት ተመልሳ መጣች። ኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሥጋው ያለቀ ቀንስ አንበሳው ምን አደረጋት?» አላት። ልጁ ከእንጀራ እናቱ ጋር እንደሚኖር ያኔ አታውቅም ነበር።

«መልሱን አጣሁ። ዓርብ አንተ ትነግረናለህ አልኩት።»

ዓርብ ሰሌዳው ሥር ቆመ። በሱ ተረት ሥጋው አልቋል፤ ሴትዮዋ ባዶ እጇን መጣች፤ አንበሳው እጇን አሽትቶ አጠገቧ ተኛ።

«ውሸት ነው! በልቷታል!» ብሎ አንዱ ከመሀል ጮኸ። መምህርቷ አልፈረደችም። «እንግዲያውስ ተራው ያንተ ነው፣ ና ውጣ» አለችው።