ስለ እንግዴ ልጅ ደም ሥርና ስለ በግ ርቢ

የበግ መንጋ ያለው ሰው ሀብቱን የሚቈጥረው ባረገዙት በጎች ልክ ነው፤ ትርፉ የሚታወቀው ግን ግልገሎቹ በደኅና ተወልደው ጡት ሲይዙ ነው። አውራው መልካም፣ እናቲቱም ጤነኛ ሆና ሳለች ግልገሉ ኰስምኖ ተወልዶ በሁለተኛው ቀን ቢሞት፣ ባለቤቱ ምክንያቱን ለብርድ ወይም ለዕድል ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ከመወለዱ አስቀድሞ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ነው።

እንግዴ ልጅ ለፅንሱ እንደ ሳንባም እንደ ሆድም እንደ ኵላሊትም ሆኖ ያገለግላል። በበግ ማኅፀን ውስጥ እንደ ቍልፍ የተበተኑ ከ70 እስከ 100 ያህል የሥጋ እብጠቶች አሉ። በእነዚህ ላይ የእናቲቱና የፅንሱ ደም ሥሮች ይጠላለፋሉ፤ ሁለቱ ደሞች ግን አይቀላቀሉም። ምግቡና አየሩ በመካከላቸው ያለውን ቀጭን ግድግዳ አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል።

የበግ እርግዝና 5 ወር፣ ማለት 150 ቀን ያህል ነው። እንግዴ ልጁ በክብደት የሚያድገው በፊተኞቹ 3 ወራት ነው፤ ግልገሉ ግን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው። እንግዲህ ማደጉን ያቆመ እንግዴ ልጅ ገና የሚያድገውን ፅንስ በምን ይመግበዋል ቢባል፣ በደም ሥሮቹ ነው። በእናቲቱ በኩል ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ይሰፋሉ፤ በፅንሱ በኩል ያሉት በቍጥር ይበዛሉ፤ የሚያልፈውም ደም እስከ መውለጃው ድረስ ይጨምራል። የደም ሥርን እድገት ከሚያነሣሡት ንጥረ ነገሮች ዋነኛውን ናፖሊዮኔ ፌራራ የተባለ ሊቅ በካሊፎርኒያ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1989፣ ከባልደረባው ጋራ ለይቶ አስታውቆአል። በአሜሪካም በሰሜን ዳኮታ፣ ላውረንስ ሬይኖልድስና ዴል ሬድመር የእነዚህን ሥሮች እድገት በበጎች ላይ መርምረዋል።

ይህ ሥራ በሦስት ነገር ይሰናከላል። አንደኛው ረኃብ ነው። ሁለተኛው ብርቱ ሙቀት ነው፤ በእርግዝናዋ መካከል ለብዙ ቀን በሙቀት የተጠበሰች በግ እንግዴ ልጅዋ ያንሳል፣ ግልገልዋም ያንሳል። ሦስተኛው፣ ራስዋ ገና ያላደገች ቄብ ስትጠቃ ነው፤ እርስዋን አብዝቶ መቀለብ እንኳ አይጠቅምም፤ ቀለቡ ለገዛ ሰውነትዋ እድገት ይሄዳልና እንግዴ ልጁ ትንሽ ይሆናል።

ስለዚህ ሹማምንትና የመንጋ ባለቤቶች ለአርቢው ሊያስረዱት የሚገባ ይህ ነው። አውራው ከመንጋው የገባበት ወር ይታወቅ፤ ከእርሱም 5 ወር ተቈጥሮ የመውለጃው ጊዜ ይለይ። ያላደጉ ቄቦች ከአውራው ይለዩ። ያረገዙት በቀትር ጥላና ውኃ አይጡ። ድርቆሽ አስቀድሞ ይከማች፤ በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ይታከልበት፤ ይልቁንም መንታ ላረገዘችው። የጨነገፈች በግ ብትገኝ፣ ከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላልና ፅንሱና እንግዴ ልጁ በባዶ እጅ አይነካ፤ ለውሻም ሳይጣል በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር፤ ለእንስሳት ሐኪምም ይነገር።

ግልገሉ ከተወለደ በኋላ የሚደረግለት እንክብካቤ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በማኅፀን ሳለ የጐደለበትን እንገሩ ብቻውን አይሞላለትም።