የበዓል ቡናችን የመጣበት የእግር መንገድ



ዛሬ በየቤታችን ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ ረከቦቱም ቀርቧል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾምነው ጾመ ነቢያት ተፈጽሞ የፍስክ ማዕድ ተዘርግቷል። የዶሮ ወጡ መከለሻ ኮረሪማና ጥምዝ አለበት። ጠጁ በማር ተጥሏል። ከማዕዱ በኋላ ደግሞ የቡናው ተራ ይደርሳል። እነዚህን ሁሉ ከገበያ ገዝተን ስለምናገባቸው መነሻቸውን ብዙም አንጠይቅም። ነገር ግን ቡናውም፣ ኮረሪማውም፣ ጥምዙም፣ ማሩም በአንድነት የሚገኙበት ደን በአገራችን አለ። ወደዚያ ደን የሚያስገባውም መንገድ የእግር መንገድ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን አንባቢያንን በዚህ መንገድ ወደ ቦንጋና ወደ ካፋ ምድር ይወስዳል።

የእግር ጉዞ ለዚህ በዓል እንግዳ ነገር አይደለም። እመቤታችንና ዮሴፍ ከናዝሬት ተነሥተው ወደ ቤተልሔም የወጡት በመንገድ ደክመው ነው። እረኞቹ መንጋቸውን ሲጠብቁ ካደሩበት ሜዳ ተነሥተው ሄዱ፤ ሰብአ ሰገልም ኮከቡን ተከትለው ከሩቅ አገር መጡ። በዚህ ወቅት ወደ ላሊበላ ከሚተምሙት ምእመናን መካከል ስንቃቸውን ይዘው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ቀናትን በእግራቸው የሚጓዙ ዛሬም አሉ። የአገራችን ሰው ተራራንና ወንዝን ያወቀው አስቀድሞ በእግሩ ነው።

ከጎጀብ ማዶ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅማን ያለፈ መንገደኛ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ ይበረታል፤ አገሩም ይገለጣል። ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ግን አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ግራና ቀኙም በዛፍ ይሸፈናል። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ የሆነችው ቦንጋ የምትገኘው በዚሁ ለምለም ምድር፣ በኮረብታዎች መካከል ነው።

የእግር መንገዶቹ ከቦንጋ ዙሪያ በየአቅጣጫው ይነሣሉ። አንዱ የባርታ ፏፏቴ ወደሚወርድበት ገደል ያደርሳል። ሌላው ተፈጥሮ ከዐለት ወደሠራችው፣ ሰዎች «የእግዜር ድልድይ» ብለው ወደሚጠሩት ስፍራ ይወስዳል። ሰው ያልገነባውን ድልድይ በላዩ ሲያልፉ ውኃው ከሥር ይሰማል። በአለምጎኖ ረግረግ ዳር የሚሄደው መንገድ ደግሞ ውኃ ወዳድ አዕዋፍን ያሳያል። ወደ አዲዮ ከፍታዎች የሚወጣ ሰው የቀርከሃ ጫካ ያገኛል። በውሽውሽ በኩል የሚያልፈውም አረንጓዴው የሻይ ማሳ ከደኑ ጋር ጎን ለጎን ተነጥፎ ያያል።

የአካባቢው ከፍታ ከ500 ሜትር እስከ 3 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ፣ ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ እስከ ደጋው ብርድ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ዞን ውስጥ ብዙ ዓይነት ዕፅዋት ያያል። ከዚህ ደን የሚፈልቁ ምንጮች ወደ ጎጀብ ይወርዳሉ፤ ጎጀብ ከኦሞ ይቀላቀላል፤ ኦሞም እስከ ቱርካና ሐይቅ ይዘልቃል። ስለሆነም በቦንጋ ተራራ ላይ የሚቆረጥ ዛፍ ጉዳቱ በዚያው ተራራ ብቻ የሚቀር አይደለም።

በማንኪራ ጥላ ሥር

በዴቻ ወረዳ የሚገኘው የማንኪራ ደን የካፋ ሰዎች የቡና መገኛ ነው ብለው የሚያከብሩት ስፍራ ነው። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ ያየው የእረኛው የካልዲ ታሪክ እዚህ በስፋት ይተረካል። አፈ ታሪኩን ለተራኪዎቹ ብንተውላቸው እንኳ፣ በዓለም ላይ የሚጠጣው የአረቢካ ቡና በተፈጥሮው ከፍተኛውን የዝርያ ብዝኅነት የያዘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች መሆኑን ሊቃውንት አረጋግጠዋል።

በታኅሣሥ ወር በዚህ ደን መካከል ስንጓዝ አስቀድሞ የተሰማን ጸጥታው ነው። የቀረሮና የዋንዛ ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ከላይ ስለሚገጥሙ የፀሐይ ብርሃን የሚደርሰን በጭላንጭል ነበር። ከበላያችን ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን እያርገበገቡ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ። ከሥራቸው፣ ማንም በመደዳ ያልተከለው ቡና ቀጭን ግንዱን ወደ ብርሃኑ አስረዝሞ ቆሟል። ዘሩን የበተኑት አዕዋፍና ጦጣዎች ናቸው። ኮረሪማውም በዚያው በጥላው ሥር፣ ከእርጥቡ አፈር ላይ ይበቅላል። ቡና ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ይዘው በጠባቧ መንገድ ሲመጡ መንገድ ለቀቅንላቸው። እነርሱ ከሥራ እየተመለሱ ነበር፤ እኛ ግን ለማየት የመጣን እንግዶች ነበርን።

ከረጅሙ ዛፍ ጫፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ አየን። መሪያችን እንደነገረን፣ ንብ አናቢው ወደዚያ የሚወጣው በገመድና በእጁ ብርታት ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ማር የለም። ስለዚህ ባለ ቀፎው ያለ ደሞዝ የዛፉ ዘበኛ ሆኖ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ዛሬ ያለ ቡና በዓል አይመስለንም፤ ይሁን እንጂ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ድረስ በብዙ ክርስቲያን ቤት ቡና አይጠጣም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በመጠጣታቸው፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ በመድከማቸው ልማዱ እንደተለወጠ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ስለዚህ የካፋ ደን ፍሬ ከበዓል ማዕዳችን ጋር የተዛመደው በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

የመንገዱ ጠባቂዎች

ወደ ካፋ የሚያስገባው መንገድ እንደ ዛሬው ለሁሉ ክፍት አልነበረም። የካፋ መንግሥት ጠረፉን በጥልቅ ጉድባ አጥሮ፣ መግቢያውን በታወቁ በሮች ወስኖ ይኖር ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተይዘው ግዛቱ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት እስኪጠቃለል ድረስ እነዚያን በሮች ከሚጠብቁት መካከል የማንጆ ማኅበረሰብ ሰዎች ይገኙበት ነበር።

ማንጆዎች ከደኑ ጋር ተጣብቀው የኖሩ፣ ዱካውንና ምንጩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። ሆኖም ለረጅም ዘመን ከሌላው ወገን ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ በጋብቻም እንዳይዛመዱ ሲገለሉ ኖረዋል። ብዙዎቹም ማገዶና ከሰል ሸጠው ለማደር ተገድደዋል። ይህ ልማድ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። የልደቱ ብሥራት አስቀድሞ የተነገረው በሜዳ ለሚያድሩ እረኞች መሆኑን በምናስብበት ዕለት ይህን ሳናነሣ ብናልፍ አግባብ አይሆንም። ደኑን የሚያውቅ ሰው በዕውቀቱ፣ መንገድ በመምራትና ማር በማምረት ኑሮውን መግፋት ከቻለ፣ ዛፉን ከስሎ እንዲሸጠው የሚያስገድደው ችግር ይቀንሳል።

ደኑን ምን ያሰጋዋል?

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የካፋን ደን ከኢሉባቦሩ ያዩ ደን ጋር በ2002 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስፍሯል። የካፋው ስፋት ከ5 መቶ ሺህ ሄክታር ይበልጣል። አርሶ አደሮች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን የሚጠብቁበትና የሚጠቀሙበት አሳታፊ የደን አስተዳደርም በቦንጋ አካባቢ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ሥጋቱ አልተወገደም። ደኑ ለእርሻና ለሰፈራ ይመነጠራል። ቡናው የበለጠ እንዲያፈራ ተብሎ የጥላው ዛፍ ችግኝ ሲጨፈጨፍ ደግሞ ደኑ ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ትልልቆቹ ዛፎች ሲያረጁ ግን ተተኪ አይኖራቸውም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጥናት ከ124ቱ የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶ የሚሆኑት ለመጥፋት እንደተጋለጡ ገልጿል። የዱር አረቢካም ከእነዚሁ አንዱ ነው። በዓለም ያለው የተተከለ ቡና በሽታ ወይም ድርቅ ቢመታው መድኃኒቱ የሚፈለገው ከዱሩ ዘር ነውና፣ ጉዳዩ የካፋ ሰዎች ብቻ አይደለም።

በሰሜኑ አገራችን በብዙ ስፍራ ነባር ደን የምናገኘው በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነው። ዙሪያው ተራቁቶ አጸዱ ብቻ እንደ ደሴት የቀረበትን ቦታ ብዙዎቻችን እናውቃለን። አባቶች ያንን ዛፍ ያቆዩልን ስላከበሩት ነው። በካፋ ግን ዛሬም ቢሆን ደኑ ገና ደሴት አልሆነም። እንዳይሆን መጠበቅ፣ ከሆነ በኋላ መልሶ ከመትከል ይቀላል።

ለሚጓዙ

ከልደት እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት ለመጓዝ ያሰበ ቤተሰብ ወቅቱ ደረቅ በመሆኑ መንገዱ ይቀናዋል። ሆኖም ቦንጋ ዝናም የሚበዛባት አገር ናትና የዝናም ልብስና የማያንሸራትት ጫማ መያዝ ይበጃል። መሪ ሳይዙ ወደ ደኑ መግባት አይገባም። ለመሪው የሚከፈለው ገንዘብ መንገዱን ከማሳየቱም በላይ የቆመ ዛፍ ከተቆረጠው ይልቅ እንዲጠቅም ያደርጋል። ማሩንና ኮረሪማውን ከአምራቾቹ እጅ መግዛትም እንዲሁ ነው። በከተማዋ የሚገኘው ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ሊጎበኝ ይገባዋል።

መሄድ ያልቻለ ደግሞ በቤቱ ሆኖ ሊያስብ ይችላል። ዛሬ አቦሉና ቶናው አልፎ በረካው ሲቀዳ፣ ፍሬው በማን ትከሻ፣ በየትኛው ጠባብ መንገድ ከደኑ እንደወጣ ለልጆቻችን እንንገራቸው። በረካ ምርቃት ነውና፣ ምርቃቱ ለደኑና ለጠባቂዎቹም ይድረሳቸው።

መልካም የልደት በዓል!