የአንጀት ብግነት መድኃኒትና ከአገር ቤት አብሮ የሚመጣው ትል

የሲያትሉ ሶዶ ሠፈር ከወላይታዋ ሶዶ ጋር ስሙ ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም። በዚያ ለሚሠራና የአንጀት ብግነት ላለበት ኢትዮጵያዊ ግን የአገር ቤቱ አፈር ጉዳይ አብሮት ሊኖር ይችላል።

ስትሮንጊሎይድስ የተባለው ትል በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ምልክት ሳያሳይ አንጀት ውስጥ ራሱን እየተካ ለዐሥርተ ዓመታት ይቆያል። ብግነቱን ለማብረድ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶን የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም ትሉ ተባዝቶ ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አካላት ሊሠራጭ፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ታማሚው የት እንዳደገ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ ራሱ ይንገረው። ትሉ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ አይቨርሜክቲን በተባለ መድኃኒትም ይታከማል። ኢንፍሊክሲማብ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል።

ለሳምንታት የተወሰደ ፕሬድኒሶንን «ተሽሎኛል» ብሎ በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል ማመንጨት ስለሚቀንሱ መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ሜሳላሚንን በምሕንድስና ዓይን ሳየው የሚደንቀኝ የእንክብሉ ሽፋን ነው፤ የጨጓራን አሲድ ተቋቁሞ አልፎ አሲዱ በሚቀንስበት በታችኛው አንጀት ይሟሟል። ተፈጭቶ ወይም ተኝኮ ከተዋጠ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። አልፎ አልፎ ኩላሊትን ስለሚጎዳም የደም ክትትል ያስፈልገዋል።

ለራስ ምታት ደግሞ ኢቡፕሮፌን በሽታውን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ አሜሪካኖች ታይሌኖል የሚሉት ፓራሲታሞል ይመረጣል።