ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ፡- የበረራው ርቀትና የሑጃጆች ዝግጅት

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ከማንኩሳ አዲስ አበባ በመኪና ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ስንገባ ቀኑ ያልቃል። ከአዲስ አበባ ጅዳ ደግሞ በአየር ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ከሦስት እጥፍ በላይ የሚረዝም መንገድ አውሮፕላን ከ2 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይጨርሰዋል። የቀድሞ አባቶቻችን ምፅዋ ለመድረስ ብቻ ሳምንታት ይጓዙ ነበር፤ ከዚያም ባሕሩ ይጠብቃቸዋል። የዛሬው ምቾት የአላህ ጸጋ ነው። ሆኖም መንገዱ ማጠሩ የሐጅን ሕግጋት አያስቀርም።

አንደኛው ጉዳይ ሚቃት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መካ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚመጣ ሰው ኢሕራም ሳያደርግ የማያልፋቸውን ቦታዎች ወስነዋል። ከአገራችን በቀጥታ ወደ ጅዳ የሚበር ሰው የሚጠብቀው የለምለም የተባለውን ሚቃት ትይዩ ነው። ይህም ቦታ ከመካ በስተደቡብ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አውሮፕላኑ ትይዩውን የሚያልፈው ገና ቀይ ባሕር ላይ ሳለ፣ ለማረፍ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በ5 ደቂቃ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ጥቂት ያሸለበ ሰው ሚቃቱ አልፎት ይነቃል ማለት ነው። ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው ደግሞ ወደ ሚቃቱ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ በግ ማረድ ይኖርበታል።

ስለዚህ ወንዶች ገላቸውን ታጥበው ሁለቱን ያልተሰፉ ጨርቆች አዲስ አበባ ላይ ይልበሱ። ጨርቁን ከሚጫነው ሻንጣ ጋር መላክ ትልቅ ችግር ያመጣል። ሴቶች በተለመደው ሸሪዓዊ ልብሳቸው ናቸው። ኢሕራም ግን ልብሱ ሳይሆን ኒያው ነው። ስለሆነም ሚቃቱ መቅረቡ ሲነገር ነይቶ ተልቢያ ማለት ይገባል። ጥቂት ቀደም ብሎ መነየትም ኢሕራሙን አያበላሽም። መጀመሪያ ወደ መዲና የሚበር ሰው ግን አውሮፕላን ላይ ኢሕራም አይጠበቅበትም፤ ወደ መካ ሲነሳ ከመዲና አጠገብ ካለው ዙልሑለይፋ ያደርጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው። የሁለቱ አገሮች ሰዓት እኩል ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያያል። ትኬት ላይ «ማክሰኞ 01:00» ከተባለ በእኛ አነጋገር ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ መንገደኛው አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ቀን የመጣ ሰው አውሮፕላኑን አያገኘውም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ትኬቱን አስቀድመው ለሚያውቅ ሰው ያስነብቡ።

ሦስተኛው ሶላት ነው። በረራው አጭር ቢሆንም ርቀቱ የመንገደኛ ርቀት ነው። ስለዚህ ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ወደ ሁለት ማሳጠር ይቻላል።

አላህ (ሱ.ወ.) ያሰባችሁትን ይወፍቃችሁ፤ የሄዱትንም ሐጃቸውን መብሩር ያድርግላቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱሁ።