ከአረንጓዴ ሐይቅ እስከ ደም ሥር

ባለፈው የበጋ ወራት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችንን ይዘን ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተን ነበር። ዓላማችን የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚቀንስ በባሮሜትር ማሳየት ነው። ከባሕር ወለል በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍ በሚለው በዚያ ሥፍራ፣ በባሕር ዳርቻ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት ወደ 530 ያህል ይወርዳል። አንጋፋው የቤተ ሙከራ ባልደረባችን ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው ሲመለሱ፣ ከተማሪዎቹ አንዷ የደም ግፊት መለኪያ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ «ጋሼ፣ አየሩ ከቀለለ የእርስዎም ግፊት ቀንሶ ይሆን?» አለቻቸው። ክንዳቸውን ሰጧት። ውጤቱ 172 በ104 ሆነ።

«ዳገቱ ነው» አሉ። ግማሽ ሰዓት አርፈው በድጋሚ ሲለኩ እምብዛም አልወረደም። በመጨረሻም ክኒናቸውን ከተዉ ወራት ማለፋቸውን፣ በምትኩ አረንጓዴ የዋቅላሚ ዱቄት በውኃ በጥብጠው እንደሚጠጡ ነገሩን። «የባሕር ዋቅላሚ ፕሮቲን ግፊት እንደሚያወርድ በጥናት ተረጋግጧል ብለውኛል፤ ሐሰት ነው እንዴ ዶክተር?»

ሐሰት አይደለም። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ የተማሪዋን ጥያቄ እንመልስ። መለኪያው የሚያነበው የደሙ ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፤ አየሩ ሰውነታችንን ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚጫን በልዩነቱ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እንጦጦ ላይ የተነበበው 172 አዳማ ላይ ቢነበብም ትርጉሙ ያው ነው። እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ በ1733 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በፈረስ ደም ቧንቧ ላይ የመስታወት ቱቦ ተክሎ ደሙ 2.5 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣቱን ገልጾ ነበር። የባልደረባችንም ግፊት በውኃ ዓምድ ቢለካ ከ2.3 ሜትር በላይ ይሆናል።

ደም ሥር ሲጠብ ምን ይከተላል? በቀጭን ቱቦ ውስጥ በዝግታ የሚፈስ ፈሳሽ የሚገጥመው ተቃውሞ ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ሬዲየሱ በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ ተቃውሞው በ50 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ጣልቃ ለመግባት ያለን ሰበብም ይኸው ቀመር ነው።

ሰውነታችን ደም ሥርን የሚያጠብበት አንዱ መንገድ እንደሚከተለው ነው። ከኩላሊት የሚመነጨው ሬኒን የተባለ ኤንዛይም፣ ጉበት የሠራውን አንድ ፕሮቲን ቆርጦ 10 አሚኖ አሲዶች ያሉትን አንጂዮቴንሲን አንድን ያወጣል። ሌላ ኤንዛይም ከዚህ ላይ ሁለቱን ሲቆርጥ ባለ 8ቱ አንጂዮቴንሲን ሁለት ይገኛል፤ ደም ሥርን ጭምድድ የሚያደርገው እርሱ ነው። ሁለተኛውን ቆራጭ የሚያግድ ነገር ከብራዚል እባብ መርዝ ውስጥ መገኘቱ ካፕቶፕሪል ለተባለው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለተፈቀደው መድኃኒት መነሻ ሆነ። በአገራችን ብዙዎች የሚያውቁት ኢናላፕሪልም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የእባብ መርዝ ያደረገውን የዋቅላሚ ፕሮቲን ቁራጭም በመጠኑ ሊያደርገው ይችላል። የጃፓን ተመራማሪዎች ዋካሜ ከተባለው የባሕር ዋቅላሚ ሁለት ሁለት አሚኖ አሲድ ብቻ ያላቸውን ቁራጮች ለይተው፣ የደም ግፊት ባለባቸው አይጦች ላይ ግፊቱን ሲቀንሱ አይተዋል። አየርላንዶች በበኩላቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ዳልስ ከተባለው ቀይ ዋቅላሚ ሬኒንን የሚገታ፣ 13 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቁራጭ አግኝተዋል፤ የዳልስን የተቆራረጠ ፕሮቲን ከዳቦ ጋር ሲጋግሩትም ኃይሉ አልጠፋም።

እኛ ባሕር የለንም፤ ሶዳማ ሐይቆች ግን አሉን። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅና በስምጥ ሸለቆ ያለው ጭቱ፣ ስፒሩሊና እየተባለ የሚሸጠው አርትሮስፒራ በብዛት የሚበቅልባቸው ናቸው። ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ የብርሃን አስተጻምሮ ምርታማነት እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል የመረመረ ጥናት የተሠራው በአረንጓዴና በኪሎሌ ሐይቆች ነበር። በቻድ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ የካነምቡ ሴቶች ይህንኑ ፍጥረት አድርቀው ድሄ እያሉ ለወጥ ያውሉታል። ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ጤፋችን ወደ 10 በመቶ ገደማ ነው ያለው። ከፕሮቲኑም ኤንዛይሙን የሚያግዱ ቁራጮች በቤተ ሙከራ ተለይተዋል።

ታዲያ ባልደረባችን ምን አጠፉ? ጥናቶቹ የተናገሩት በኤንዛይም ስለተቆራረጠና ስለተጣራ ፕሮቲን ነው። በጣሳ ያለው ዱቄት ግን ያልተቆራረጠ ፕሮቲን ነው፤ ሆድ ውስጥ በየት በየት እንደሚቆረጥ የሚወስነው የሰውየው አንጀት ነው። ጠቃሚው ቁራጭ ቢወጣ እንኳ ወደ ደም ሳይገባ ዳግመኛ ሊፈርስ ይችላል። የክኒኑ መጠን በሚሊ ግራም ይታወቃል፤ የማንኪያው አይታወቅም። ከዚህም በላይ አረንጓዴ ውኃ ሁሉ ስፒሩሊና አይደለም፤ በቆቃ ሐይቅ የሚበዛው ማይክሮሲስቲስ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ከሐይቅ ቀድቶ አድርቆ ለመብላት የሚያስብ ተማሪ ካለ ይህንን ልብ ይበል።

በ2015 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ታይቶባቸዋል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ባልደረባችንም ዳገቱን ከእኛ ቀድመው ነበር የጨረሱት።

ቁልቁል ስንወርድ ይህን ሁሉ አስረዳናቸው። ብዙም አልተናገሩም፤ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ብቻ «እንግዲያስ ለዱቄቱ ያወጣሁት ገንዘብ?» አሉ። በማግስቱ ወደ ሐኪማቸው ሄዱ፤ ክኒኑንም ጀመሩ። ጣሳውን ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ሰጥተዋል፤ እነርሱም የፕሮቲኑን መጠን እየለኩበት ነው።