የአዲስ አበባው ቤትና ለእህት የተመለሰው ብድር

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር፣ የክሬዲት ካርድና የሆስፒታል ዕዳ ያጎበጠው ወገናችን ችግሩን ከቤተሰቡ ሳይቀር ይደብቃል። ባንክራፕሲ (በሕግ ኪሳራን ማሳወቅ) ነውር ይመስለዋል። ሕጉ ግን ለእንዲህ ያለው ቀን የወጣ ነው፤ የሚጎዳው ምስጢሩና ዘግይቶ የሚሰማ ምክር ነው።

አበዳሪው በካውንቲ ፍርድ ቤት ቢከስም የኪሳራ ማመልከቻ እዚያ አይቀርብም፤ ጉዳዩ የፌዴራል ነው። የት እንደሚያመለክቱ የሚወስነው ዋናው መለኪያ ካለፉት 180 ቀናት አብዛኛውን የኖሩበት ቦታ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የተዛወረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው በሜሪላንዱ ግሪንቤልት ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ አድራሻን በማስገባት ትክክለኛውን ችሎት ማግኘት ይቻላል።

ከማመልከቻው በፊት ፈቃድ ካለው ድርጅት የብድር ምክር መውሰድ ግዴታ ነው። ማመልከቻው ሲገባ የአበዳሪዎች ስልክና ከደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ በአብዛኛው ይቆማል። በቻፕተር 7 ብዙው ዕዳ ይሰረዛል፤ የልጅ ቀለብ ግን አይነካም። በቻፕተር 13 ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚዘልቅ ዕቅድ ይከፈላል፤ የቤት ክፍያ ያጓደለ ሰው ቤቱን ለማዳን የሚመርጠው ይህንን ነው።

የእኛ ሰው የሚወድቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አዲስ አበባ ያለው ቤት ነው። «ማን ያውቃል?» ብሎ ማመልከቻው ላይ ሳይጠቅሱ ማለፍ ወይም በወንድም ስም ማዞር ንብረት መደበቅ ነው፤ እስከ 5 ዓመት እስራት ያመጣል። ሁለተኛው «መጀመሪያ የእህቴን ልመልስ» ማለት ነው። ለሥጋ ዘመድ በመጨረሻው ዓመት የተከፈለን ብድር የኪሳራውን ጉዳይ የሚያስተዳድረው ባለአደራ ከእህት ላይ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። በእኛ ዘንድ ወግ የሆነው አከፋፈል በኪሳራ ሕግ ለአንድ አበዳሪ ማድላት ነው።

በእንግሊዝኛ የሚቸገር ሰው ባለአደራው በሚጠራው ስብሰባ ላይ በስልክ ነጻ አስተርጓሚ ያገኛል። ጠበቃ ያልሆነ ፎርም ሞይ ግን የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና ማኅበሮቻችን የኪሳራ ጠበቆችን ጋብዘው በአማርኛ ያስተምሩ። ቤቱ በወንድም ስም ከመዞሩ፣ ብድሩም ለእህት ከመከፈሉ በፊት የሚሰማ ምክር ቤተሰብ ያድናል።